ሚሊዮን ዓይን ያየው ቡጢ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2019 በሎስ አንጀለሱ ስቴፕልስ ሴንተር ሁለት የዓለም ቡጢ ሻምፒዮኖች ቀበቷቸውን ለማስጠበቅ መድረክ ላይ ወጡ፤ እንግሊዛዊው ቢሊ ጆ ሳንደርስና አሜሪካዊው ዴቪን ሄኒ። ሁለቱም አሸንፈው ወረዱ። አዳራሹን የሞላው ወጣት ግን ትኬት የቆረጠው ለእነሱ ብሎ አልነበረም። የሚጠብቀው ኬኤስአይ በሚል ስም የሚታወቀውን እንግሊዛዊና አሜሪካዊውን ሎጋን ፖልን ነበር። ሁለቱ በዩቲዩብ ቪዲዮ ስም ያወጡ፣ ከዚያ ቀን በፊት በፕሮፌሽናል ቡጢ አንድም ግጥሚያ ያላደረጉ ወጣቶች ናቸው። ሻምፒዮኖቹ ለጀማሪዎቹ አሟሟቂ ሆነው አመሹ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡጢ የራሱ መሰላል ያለው ስፖርት ነው። ልጁ በሰፈሩ ክበብ ይጀምራል፣ በአማተር ውድድር ይፈተናል፣ ፕሮፌሽናል ሲሆን ከአራት ዙር ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ ስምንት እያለ ያድጋል፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከፍ ሲል ለቀበቶ ይጋጠማል። መሰላሉ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ የአዘጋጆች ሸፍጥና የዳኞች አድልዎ የቡጢን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ አቆሽሸውታል። ቢሆንም ቡጢኛው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ማንን አሸነፍክ?” የሚል ነበር። ዛሬ ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ “ስንት ተከታይ አለህ?” የሚል።

ብዙ የቡጢ ወዳጆች በዚህ ተናደው ማኅበራዊ ሚዲያ ስፖርታችንን ገደለው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የተመልካቹን ብዛት እያሳዩ ስፖርቱ እንደዚህ አድጎ አያውቅም ብለው ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱም ወገኖች የሚቆጥሩት ያንኑ የተመልካች ቁጥር ብቻ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ሚሊዮኑ ዓይን ሲመጣ የሚቀበለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሕግ፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ የተመዘገበ ስምና የሚቀጥለው ግጥሚያ ቀጠሮ ቀድመው ካሉ ስፖርቱ ያድጋል። ከሌሉ የሚያድገው ትዕይንቱ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው የሰው ገላ ነው።

ይህን ከማንም በላይ በሕይወቱ ያሳየው ኪምቦ ስላይስ ይመስለኛል። እውነተኛ ስሙ ኬቨን ፈርጉሰን ነው። በባሃማስ ተወልዶ በማያሚ አካባቢ ያደገ፣ በጥበቃነት የሚተዳደር ግዙፍ ሰው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩቲዩብ ገና ሳይከፈት፣ በሰው ጓሮና በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያለ ጓንት፣ ያለ ዳኛ ሲደባደብ የሚያሳዩ ቪዲዮዎቹ በኢንተርኔት መዞር ጀመሩ። ዩቲዩብ በ2005 ሲመጣ ዝናው ከአሜሪካ አልፎ ሄደ። ሰልጥኖ አልተወዳደረም፣ ሻምፒዮን አልሆነም፤ ግን ብዙ ሻምፒዮኖች የማያገኙት ተመልካች ነበረው።

ኤሊት ኤክስሲ የተባለ የፍልሚያ አዘጋጅ ድርጅት ይህን ዝና ገዛው። ሜይ 31 ቀን 2008 በኒው ጀርሲዋ ኒውዋርክ የተደረገው የኪምቦ ግጥሚያ በሲቢኤስ ተላለፈ፤ ቡጢን፣ ርግጫንና ትግልን የቀላቀለው ኤምኤምኤ በአሜሪካ ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የምሽት ዋና ሰዓት ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የጓሮ ቪዲዮ ስፖርቱን ወደ ሳሎን አስገባው ማለት ነው። ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ የማኅበራዊ ሚዲያ ደጋፊዎች ክርክሩን በአንድ ምሳሌ ይረቱ ነበር።

ግን አላቆመም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ኪምቦ ከአንጋፋው ኬን ሻምሮክ ጋር ሊጋጠም ተቀጥሮ ሳለ ሻምሮክ በዕለቱ ከዓይኑ በላይ ተሰንጥቆ ቀረ። በምትኩ ከዝቅተኛው ግጥሚያ የተጠራው ሴዝ ፔትሩዜሊ ኪምቦን በ14 ሰከንድ አሸነፈው። ድርጅቱ ወሩ ሳያልቅ ሥራ አቆመ። በእሱ ሥር ብዙ ጎበዝ ተፋላሚዎች ነበሩ፤ ድርጅቱ ራሱን የሰቀለው ግን በአንድ ሰው ዝና ላይ ነበርና ያ ሰው ሲወድቅ ሁሉም አብረው ወደቁ።

የኪምቦ ስም ግን አሁንም ይሸጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 ሂውስተን ውስጥ እሱው የመጣበት የጓሮ ድብድብ ያወጣውን ዳዳ 5000 የሚባል ሰው ገጠመ። ሁለቱም መሮጥ ይቅርና መቆም አቅቷቸው ሲንገዳገዱ ተመልካች አየ። ዳዳ 5000 ራሱን ስቶ ወድቆ ሆስፒታል ገባ፤ ልቡ ቆሞ ነበር፤ በሐኪሞች ብርታት ተረፈ። ኪምቦ ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 6 ቀን 2016፣ በልብ ድካም ሞተ። 42 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ቪዲዮዎቹን ፈልጎ የሚያይ ሰው አሁንም ያገኛቸዋል፤ ከሥራቸው ግን የሰውየው መጨረሻ አይነበብም።

ከዚህ ጋር የሌላውን የኤምኤምኤ አዘጋጅ ድርጅት፣ የዩኤፍሲን ታሪክ ማስተያየት ይጠቅማል። ዩኤፍሲ በኖቬምበር 1993 በዴንቨር ከተማ ሲጀምር የክብደት ምድብ አልነበረውም፤ ክልከላዎቹም ጥቂት ነበሩ። ሴናተር ጆን ማኬን በሰው የሚደረግ የአውራ ዶሮ ፍልሚያ ነው ብለው ዘመቱበት፤ ብዙ ግዛቶች አገዱት፤ የኬብል ቴሌቪዥኖች ከስርጭት አወጡት። ድርጅቱ ሊዘጋ ሲቃረብ በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ሰሞን በኒው ጀርሲ የተረቀቀው የተዋሃደ ደንብ ጸና፤ የክብደት ምድብ፣ ጓንት፣ የዙር ሰዓት፣ ፍልሚያውን የሚያስቆም ዳኛና ሐኪም መደበኛ ሆኑ። በ2005 ወጣት ተፋላሚዎች አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ የሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም መጣ።

ማኅበራዊ ሚዲያ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድርጅቱም አላመነታም። በ2011 የመክፈቻ ግጥሚያዎቹን በፌስቡክ በነፃ ማሳየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ትዊተርን በደንብ ለሚጠቀሙ ተፋላሚዎቹ የገንዘብ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሌሎች ሊጎች አትሌቶቻቸው ምን ይጽፉ ይሆን ብለው ሲሰጉ ዩኤፍሲ ጻፉ እያለ ከፈለ። በ2 ሚሊዮን ዶላር የተገዛው ድርጅት በ2016 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ፤ በ2025 ደግሞ ከፓራማውንት ጋር የ7 ዓመት የስርጭት ውል በ7.7 ቢሊዮን ዶላር ተፈራረመ። በዚህ ዕድገት ውስጥ ስልክና ቪዲዮ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም። ቅደም ተከተሉን ግን እናስተውል። ደንቡ ቀደመ፤ ዓይኑ ተከተለ። በኪምቦ የሆነው ግልባጩ ነው።

ዩኤፍሲንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላመሰግንም። ኮኖር ማክግሬገር በኤፕሪል 2013 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያ የዩኤፍሲ ግጥሚያውን ሲያደርግ በአየርላንድ የመንግሥት ድጎማ ተቀባይ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በምላሱም በጡጫውም የስፖርቱ ትልቁ ስም ሆነ። በኤፕሪል 2018 ብሩክሊን ውስጥ ተቀናቃኙ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ የተሳፈረበትን አውቶቡስ መስኮት በብረት ጋሪ ሰበረ፤ ስብርባሪው ሌሎች ተፋላሚዎችን አቆሰለ። ድርጅቱ ያንን ቪዲዮ ለቀጣዩ ግጥሚያ ማስታወቂያ ተጠቀመበት። የሰው ሃይማኖት፣ አባትና አገር ለወራት ተሰደበ፤ ስድቡ ተቆራርጦ በየስልኩ ዞረ። ኦክቶበር 6 ቀን በላስ ቬጋስ ካቢብ አሸንፎ ሲያበቃ አጥሩን ዘሎ ከማክግሬገር ቡድን አባል ጋር ተደባደበ፤ አዳራሹም ታወከ። የዚያ ምሽት የክፍያ ስርጭት 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ተሸጧል፤ በድርጅቱ ታሪክ ከዚያ በላይ የተሸጠ የለም። ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ወጣት ተፋላሚ ሁሉ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጉልበት ያስከብራል፣ ስድብ ያበላል።

የሚበላው ደግሞ እኩል አይደለም። ለዓመታት በፍርድ ቤት በቆየው ክርክር በቀረቡ ሰነዶች መሠረት ለተፋላሚዎቹ የሚደርሰው ከድርጅቱ ገቢ አንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከሊጋቸው ገቢ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያገኛሉ። ክርክሩ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቶ በ2025 መጀመሪያ ጸደቀ። ተፋላሚው ለትዊተር ሽልማት ተደስቶ ሲጽፍ የድርጅቱን ማስታወቂያ በርካሽ ይሠራ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የጥፊ ውድድር የሚባለው ነገር ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፊቱን ይሰጣል፤ ሌላው ባለ በሌለ ኃይሉ በጥፊ ይመታዋል። መከላከል ክልክል ነው። ቡጢ የሺህ ዓመታት ጥበቡ አለመመታት ነው፤ እዚህ ግን ጥበቡ ራሱ ጥፋት ተብሎ ይቀጣል። በ2021 ፖላንድ ውስጥ አርቱር ቫልቻክ የተባለ ተወዳዳሪ በእንዲህ ያለ ውድድር ተመትቶ ወደቀ፤ ሳይነቃ ሞተ። ይህ ታውቆ ሳለ በቀጣዩ ዓመት የኔቫዳ ግዛት ስፖርት ኮሚሽን ለዩኤፍሲው አለቃ ለዳና ኋይት የጥፊ ሊግ ፈቃድ ሰጠ፤ ፈቃዱ ሲሰጥ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበሩት ሰው ኋላ ላይ ስህተት ነበር ብለው በአደባባይ ተጸጽተዋል። ኋይት ትችት በመጣ ቁጥር የሚመዙት መልስ ሊጉ በማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘው የእይታ ብዛት ነው። በ2024 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት የውድድሩን ቪዲዮዎች መርምሮ ከተወዳዳሪዎቹ ከአራት ሦስቱ በላይ በዓይን የሚታይ የአንጎል መናወጥ ምልክት እንዳሳዩ አረጋገጠ። በስልክ ላይ እጅግ የሚታየው ያው ምልክት ነው፤ ዓይኑ የተገለበጠው፣ እጁ ደርቆ የቀረው ሰው። እዚህ ላይ ተመልካችና ጉዳት አንድ ላይ ነው የሚጨምሩት። ይህን ስፖርት ብሎ መጥራት ለእኔ የሚዋጥ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ የጄክ ፖልን ነገር እንይ። የሎጋን ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም ከዩቲዩብ የመጣ። የቡጢ ሊቃውንት ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ግን በኤፕሪል 30 ቀን 2022 ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲጋጠሙ ከአዘጋጆቹ አንዱ እሱ ነበር። በዚያ ታሪካዊ አዳራሽ የሴቶች ቡጢ የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። 19,187 ሰው ገብቶ አዳራሹ ሞላ፤ ሁለቱም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈላቸው። ቴይለር በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ፣ የሴቶች ቡጢ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት፣ ወርቅ ያገኘች ናት፤ ሴራኖ በሰባት የክብደት ምድቦች የዓለም ቀበቶ የወሰደች። ችሎታቸው ለዓመታት እዚያው ነበር። የጎደላቸው የሚያያቸው ሰው ነው፤ እሱን ዩቲዩበሩ አመጣላቸው። ዐሥሩን ዙር በሙሉ ተፋልመው ቴይለር በጠባብ ነጥብ ስታሸንፍ ለዝና የመጣው ወጣት ቡጢ ምን እንደሆነ አየ። ዓይኑ ሲደርስ የሚቀበለው እውነተኛ ጥበብ፣ እውነተኛ ቀበቶና የሚቀጥል ቀጠሮ ነበረ፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጋጥመዋል።

ይኸው ጄክ ፖል በኖቬምበር 2024 በቴክሳስ የ58 ዓመቱን ማይክ ታይሰንን ገጠመ። ግጥሚያው ከጁላይ ወደ ኖቬምበር የተሸጋገረው ታይሰን በጨጓራ ቁስለት ታሞ ስለነበር ነው። ኔትፍሊክስ 60 ሚሊዮን ቤተሰብ እንዳየው አስታወቀ። የ27 ዓመቱ ወጣት በነጥብ አሸነፈ፤ ታይሰን በስምንት ዙር ያሳረፈው ጡጫ 18 ብቻ ነበር፤ ተመልካቹም በጩኸት ተቃወመ። ግዛቲቱ ይህን እንደ መደበኛ ፕሮፌሽናል ግጥሚያ ፈቅዳ መመዝገቧ ነው የሚከነክነኝ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ጄክ ፖል የቀድሞውን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አንቶኒ ጆሹዋን ገጥሞ በስድስተኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ፤ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ተከታይ ብዛት ከእንዲህ ያለ ቡጢ አያድንም። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች የተቋቋሙት ይህን ቀድመው አይተው እንዲከለክሉ ነበር።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። በ2021 የናይጄሪያ ተወላጆቹ ካማሩ ኡስማንና ኢዝሬል አዴሳንያ እንዲሁም ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በአንድ ጊዜ የዩኤፍሲ ቀበቶ ይዘው ነበር። ከአፍሪካ ከተሞች ስንቱ ወጣት በስልኩ እያያቸው ጡጫውን እንደጨበጠ መገመት አያዳግትም። ሦስቱም ግን ሻምፒዮን የሆኑት ከአህጉሩ ወጥተው ነው፤ አንዱ በአሜሪካ፣ አንዱ በኒው ዚላንድ ሰልጥኖ፣ አንዱ ኤምኤምኤን በፓሪስ ጀምሮ። ዓይኑ እዚህ ነው፤ ጂሙ፣ አሰልጣኙና ውሉ እዚያ።

ስለዚህ የደምቤ ታሪክ ይማርከኛል። ደምቤ የሰሜን ናይጄሪያ ሐውሳዎች ባህላዊ ቡጢ ነው፤ ሥሩም ከሥጋ ሻጮች ማኅበረሰብ ነው። ተጋጣሚው አንድ እጁን በገመድ ጠቅልሎ እንደ ጦር ይመታበታል፤ ሌላኛውን እንደ ጋሻ ዘርግቶ ይከላከልበታል። የወደቀ ተሸነፈ። ለዘመናት በገበያና በመከር ሰሞን የሚታየው ይህ ጨዋታ ደምቤ ዋሪየርስ በተባለ የዩቲዩብ ቻናል ከናይጄሪያ ውጭ ተመልካች አገኘ። ቻናሉ ካደረገው ሁሉ ትልቁ ለእኔ ይህ ነው፤ የተጋጣሚዎቹን ስም ይጽፋል። ማን ማንን እንደገጠመ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል። ስሙን ያወቀ ተመልካች ሰውየው ሌላ ቀን ሲጋጠም ይመለሳል። ጠብ መስሎት የከፈተውን ቪዲዮ ስፖርት ብሎ ይዘጋዋል።

እኛም ዘንድ ዶንጋ አለ። በምዕራብ ኦሞ የሚኖሩት ሱሪዎች ረጅም ዱላ ይዘው የሚፋለሙበት ይህ ጨዋታ የመንደርና የመንደር ነው፤ ሽማግሌና ዳኛ አለው። የወደቀን መምታት ነውር ነው። ሰው መግደል ክልክል ነው፤ ሞት ከደረሰ የገዳዩ ወገን ካሣ ይከፍላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የጥፊውን ሊግ የሚያስንቅ ነው። በስልካችን የሚደርሰን ዶንጋ ግን ምን ይመስላል? በጎብኚ ካሜራ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው። ዱላ ሲያርፍ፣ ደም ሲፈስ ይታያል፤ ከላዩ አረመኔነትን የሚጠቁም ርዕስ በባዕድ ቋንቋ ተለጥፎበታል። የተፋላሚው ስም የለም፣ የመንደሩ ስም የለም፣ ዳኛው ሲያስቆም ያለው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። ሚሊዮን ሰው ያየዋል፤ አንድም ሰው አያውቀውም። ከእይታው የሚገኘው ገንዘብም ወደ ሱሪዎቹ ከተማ ወደ ኪቢሽ አይደርስም። ደምቤና ዶንጋ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ተቀርጸው ሁለት የተለያየ ቦታ የደረሱት በዚህ ነው።

በከተማው ያለውም የተለየ አይደለም። በመንገድ ላይ ጠብ ሲነሳ ከሚገላግለው ይልቅ ስልክ የሚያወጣው የበዛበት ጊዜ ላይ ነን። በቲክቶክ ላይቭ ስድብ ተለዋውጠው “እንገናኝ” የሚባባሉ ልጆች የኪምቦን ጓሮ በራሳቸው ሰፈር ሊከፍቱ አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው። በሌላው ወገን ደግሞ በየክበቡ በአሮጌ ጓንት የሚሰለጥኑ፣ በክለብ ውድድር የሚጋጠሙ፣ በባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ክልላቸውን ወክለው ትግል የሚታገሉ ወጣቶች አሉ፤ ስማቸውን ከቤተሰባቸው ውጭ የሚያውቅ የለም። ሕግ፣ ዳኛና የክብደት ምድብ ያለው ግጥሚያ ሳይቀረጽ ያልፋል፤ ሕግ የሌለው ጠብ በሺዎች ይታያል።

ይህን ለመለወጥ ቢሊዮን ዶላር አያስፈልግም። የቦክስ ፌዴሬሽኑና የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን በየውድድሩ ስልክ የያዘ አንድ ወጣት ያስቀምጡ። ግጥሚያው ከመጀመሪያው ደወል እስከ ዳኛው ውሳኔ ሳይቆረጥ ይለጠፍ። ከሥሩ የሁለቱ ተጋጣሚዎች ሙሉ ስም፣ ክለብ፣ ክብደት፣ ውጤትና የሚቀጥለው ውድድር ቀንና ቦታ ይጻፍ። ሐኪም ያልተቀመጠበት ግጥሚያ አይካሄድ፤ አይቀረጽ። ወደ ሱሪ ምድር ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የተፋላሚዎቹን ስም እንዲጽፍና ከሚያገኘው ገቢ እንዲያካፍል የአካባቢው አስተዳደር ደንብ ያውጣ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሰው ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲላክልዎ የተመታው ማን እንደሆነና ተርፎ እንደሆነ ላኪውን ይጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ለሌላ ሰው አያስተላልፉት።